ሠላሳ የባትሪ ድንጋይ ለቢዮ አዋሌ

ከድሬዳዋ የተመለስኩ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ባቡሩ ነበር። እኔ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣኝ የባትሪ ድንጋይ ወሬ ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ "አሁንስ ሰለቸን፣ ጻፈውና ይውጣልህ" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ድሬዳዋን ረግጣችሁ የማታውቁ ሰዎች ስለ ከተማዋ ውበት ብዙ ባልነግራችሁ አትቀየሙኝ፤ ቀና ብዬ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም።

ሥራዬ የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋ ነው። የብረት ካስማዎች መሬት ላይ እንተክልና በሽቦ ኤሌክትሪክ እንልክባቸዋለን። ደረቅ አለት ኤሌክትሪኩን እንቢ ይላል፣ ውኃ ያዘለ መሬት ያሳልፋል፤ ይህንንም መሣሪያው ላይ ባለች ቀጭን መርፌ እናነባለን፣ ውኃ ያለበት ላይ መርፌዋ ትወርዳለች። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከእንጨት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሠላሳ ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ራስና እግር ሆነው ይሰለፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት ለባትሪ ድንጋይ አይሠራም፤ ከሠላሳው አንዱ ከሰነፈ ሃያ ዘጠኙን ይዞ ይወድቃል። ያኔ መርፌዋ ትዋዥቃለች፣ ውኃ በሌለበትም ውኃ አለ ታሰኛለች።

በዚያ ዓመት ለአካባቢው የተመደበው የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና አንድ ብቻ ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቢዮ አዋሌ ተራዋ ደርሷል። "ቢዮ" በሱማልኛ ውኃ ማለት ነው ይላሉ፤ ስሙ ላይ ያለው ውኃ ግን መሬቱ ላይ አልነበረም። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሸለቆ ወርደው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው ተሸክመው የሚመለሱት። የሚቆፈርበትን ቦታ በሰዓቱ ካላሳየሁ መኪናው ተራዋን ዘሎ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

እሑድ ማለዳ ከለገሃር ተነሳን። የይለፍ ወረቀቴን ኪሴ፣ የድንጋዩን ሣጥን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዘመኑ የባትሪ ድንጋይ በወረፋ እንኳ የማይገኝበት ነበር፤ የዕቃ ቤታችን ኃላፊ ሠላሳ ስድስት ቆጥሮ ሲሰጠኝ ጥርሱን የሚነቅሉት ይመስል ፊቱን አጨማዶ ነው። ሠላሳው ለሥራ፣ ስድስቱ ለመጠባበቂያ። አዋሽ ላይ ፈታሾች ገቡ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ አንዱ ሣጥኑን መታ መታ አድርጎ።

"የባትሪ ድንጋይ።"

"ከድሬዳዋ ነው የምትመጣው?"

"ወደ ድሬዳዋ ነው የምሄደው።"

ጓደኛውን ጠራው። "ና እስቲ ጉድ እይ! ወደ ድሬዳዋ ባትሪ የሚወስድ ሰው ተገኝቷል!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጓድ፣ ወደ አፋር ስትወርድስ ጨው ይዘህ ነው?" አለኝ። ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። ያን ዘመን የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚወጣው ከዚያ ነውና ሰውየው እውነቱን ነው። የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አንብበው ለቀቁኝ።

አዲስ አበባን በካፖርት የለቀቅኩ ሰው አፍደም ጣቢያ ስደርስ በካናቴራ ቀርቻለሁ። ድሬዳዋ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ጣቢያው ላይ የባለቤቴ አክስት እትዬ አስካለ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሚንጃር አምጥተዋቸው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛፍ የከበበው አንድ ቤት ትተውላቸው ነው የሞቱት። እኔ ሽሮ ስጠብቅ ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረቡልኝ፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ "ብላ፣ ሙቀት የሚችለው የጠገበ ነው" አሉኝ። መኝታዬን ያነጠፉት ደጅ፣ ግቢው መሃል ነው። አዲስ አበባ ደጅ የሚያድር ሰው ወይ ዘበኛ ነው ወይ ከሚስቱ የተጣላ ነው፤ እዚህ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ተኝቶ በአጥር ላይ ደኅና እደሩ ይባባላል።

ሰኞ ጠዋት ድንጋዮቹን ፈተንኩ። አፈታተኔ ቀላል ነው፤ ድንጋዩን ከትንሽ አምፑል ጋር አገናኝቼ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። ብርሃኑ ሳይደክም መቶ የደረሰ ያልፋል። ስድስቱ ወደቁ። "እነዚህ ደክመዋል" ብዬ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ያቺን ቃል ለራሴ ነበር ያልኳት፤ እትዬ አስካለ ግን ሰምተዋታል።

እዚያ ቢሮ የሚገባው በማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። የተመደበልኝን ሾፌር ዩሱፍን ያገኘሁት ላንድሮቨሩን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ነው። "ለምን እዚህ አቆምክ?" ብዬ ብጠይቀው "ባትሪዋ ሞታለች፣ ተገፍታ ነው የምትነሳው" አለኝ። ከመኪናው ባትሪ ኤሌክትሪክ እዋሳለሁ ብዬ አስቤ ከነበረ እዚያው ላይ ተስፋዬን ቆረጥኩ። ዩሱፍ የድሬ ልጅ ነው፤ ሱማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባል፣ ሽማግሌውንም ሊቀመንበሩንም "አንተ" ነው የሚለው። የመቆፈሪያው ኃላፊ አቶ ገብሬም እዚያው ነበር።

"ዓርብ ጠዋት መኪናዬ ይንቀሳቀሳል" አለኝ። "ነጥብ ካሳየኸኝ ወደ ቢዮ አዋሌ። ካላሳየኸኝ ግን እኔም አለቃ አለብኝ።"

"ሐሙስ ታገኛለህ" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቀትር ላይ ስመለስ ግቢው መሃል የተዘረጋ ቆርቆሮ አየሁ። ቆርቆሮው ላይ ሠላሳ ስድስቱም ድንጋዮቼ እንደ በርበሬ ተሰጥተዋል። አንዳንዱ አብጧል፣ አንዳንዱ ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ነገር ተፍቷል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት እኛም አገር ያለ ነው፣ እናቴም ታደርገዋለች። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለብ ታደርገዋለች፣ ሬዲዮውም አንድ ሁለት ቀን ይናገራል። የድሬዳዋ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ግን ሥጋ ይጠብሳል።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበር ገቡ። ለቅሶ ተጠርተው ሄደው ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ ልክ አይደለም?"

"እነዚህን ማን አሰጣቸው?"

"እኔ ነኛ። ደክመዋል ስትል ሰምቼ፣ ትንሽ ፀሐይ ቢመታቸው ብዬ። እኔ የሬዲዮዬን ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ጥቂት አሞቃቸዋለሁ። ዛሬ ለቅሶው ድንገት ሆነና…" ቆርቆሮውን አዩት።

"ስድስቱ ነበሩ እኮ የደከሙት! ሁሉንም ለምን?"

"ካወጣሁ አይቀር ሁሉም ይሙቁ ብዬ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ አስካለ ላይ ጮህኩባቸው። "የአንድ አገር ሰው ውኃ ነው ያስቀሩት!" አልኳቸው። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። የሚስቴን አክስት፣ መኝታ አንጥፈው ያስተኙኝን ሴት። እሳቸው ገብተው ምሳዬን አቀረቡልኝ፤ ራሳቸው አልበሉም። ዩሱፍ ሊወስደኝ መጥቶ ቆርቆሮውን ሲያይ ራሱን ያዘ። "አቦ አስካለ! የድሬን ፀሐይ ከሚንጃር ፀሐይ ጋር አንድ አደረግሻት?" ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሴት "አንቺ" ሲል እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ሳይቆጣ ያናገራቸው እሱ ብቻ ነበር።

አሥራ አምስት ተረፉ። ሃያ አንዱን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። አዲስ አበባ ስልክ ደውዬ ሌላ እንዲላክ ልለምን ብዬ የዕቃ ቤቱን ሰውዬ ፊት አሰብኩት፤ እሺ ቢለኝም በዚያ ሳምንት አይደርስም። አሥራ አምስት ድንጋይ ከድሬዳዋ አፈር ውስጥም ቢሆን አወጣለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ማክሰኞ ከዩሱፍ ጋር ወደ ታይዋን ገበያ ስንነሳ እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን ይዘው መኪናው ውስጥ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። "ማንም ሳይጠራኝ ነው የመጣሁት፣ ዝም ብለህ ንዳ" አሉት ዩሱፍን። ገበያው ላይ ዕቃ ደጅ አይታይም፤ የሚፈለገው ከጀርባ፣ ከጆንያ ሥር ነው የሚወጣው። እኔ ብቻዬን ብሄር ማንም አፉን አይከፍትልኝም ነበር። እሳቸው በኦሮምኛ ሰላም ብለው በሱማልኛ ያማርራሉ፣ የነጋዴዎቹን ልጆች በስም እየጠሩ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ይወጣል። አንዲት ሱማሌ ነጋዴ የሚያብረቀርቅ ወረቀት የለበሱ ድንጋዮች አመጣችልን።

"አዲስ ናቸው ወላሂ!" አለች።

አምፑሌን አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ሠላሳ ላይ ሞተ፣ አንዱ ሃምሳ ላይ። ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ባትሪ ልትገዛ ነው የመጣኸው ልታስመርቅ?" አለችኝ። እውነትም ድንጋዮቹ መጋዘን ውስጥ ሙቀት የበላቸው ናቸው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ያልተነካ ድንጋይም ያረጃል። ከቀትር በፊት ገበያውን አዳርሰን መቶ የደረሱት አራት ብቻ ሆኑ። እትዬ አስካለ የራሳቸውን ሬዲዮ ሁለት ድንጋይ ከቦርሳቸው አውጥተው "እነዚህንም ሞክር" አሉኝ። አሥር ሳልቆጥር ጠፉ። ሁለታችንም አምፑሏን እያየን ሳቅን፤ ይቅርታ የጠየቅኳቸውም ያኔ ነው። "እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር" አሉ፤ "አሁን የቀረህን ቁጠር።"

አሥራ አንድ ቀረኝ።

ረቡዕ ላንድሮቨሩን ገፍተን አስነስተን ቢዮ አዋሌ ገባን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አህመድ ሰዉን ዛፍ ሥር ሰብስቦ ጠበቀን። መሣሪያውን ከነሽቦው ሲያዩ ውኃ የተገኘ ያህል ደስ አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ ብቻ እንዳለኝ፣ በዚህ ደግሞ መለካት እንደማይቻል መናገር ከበደኝ። ተናገርኩ። ዩሱፍ በኦሮምኛ ተረጎመ። አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መሃል ተነሥተው ሄዱ። ተናደው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሬዲዮአቸውን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ፣ ጀርባውን ከፍተው አራት ድንጋይ መዳፌ ላይ አራገፉ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ተበተነ።

ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እየያዙ መጡ። አዲስ አበባ ጎረቤቴን ሬዲዮህን አውሰኝ ብዬ ብጠይቀው ለሳምንት የሚያኮርፈኝ ይመስለኛል። ለሁሉም አምፑሏን አገናኘሁ። እኔ በአማርኛ ስቆጥር ሕፃን አዋቂው በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ተቀበለኝ፤ "ቶኮ! ለማ! ሰዲ!" መቶ የደረሰ እንደሆነ "ዲባ!" ብለው ያጨበጭባሉ። የመጀመሪያው ሽማግሌ አራት ድንጋይ ሃያ ላይ ተራ በተራ ሞተ። ሰዉ ሳቀባቸው፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ። "የሰውየው ሬዲዮ ለካ የሚያወራው በጸሎት ነው" አለ ዩሱፍ፤ ሽማግሌውም አብረው ሳቁ። የብዙዎቹ ለእጅ ባትሪያቸው ይበቃል፣ ለእኔ ሣጥን ግን አይበቃም። እንዲህ እያልኩ መመለስ ልብ ይሰብራል፤ ግን አንዱን አዝኜ ባሳልፍ ሥራው ሁሉ ውሸት ይሆናል። አምስት አለፉ።

በመጨረሻ ሞሚና የምትባል ጠና ያለች ሴት ጎህ ሳይቀድ ውኃ ልትቀዳ ሸለቆ ከምትወርደው ልጇ ጋር መጣች። ማሽላዋን ከተማ ስትሸጥ አማርኛ ለምዳለች። በጨርቅ የተጠቀለሉ ስድስት ድንጋዮች ፈታች። አንደኛው መቶ ደረሰ። ሁለተኛውም። ስድስቱም "ዲባ!" አሰኙ።

"አዲስ ናቸው?" አልኳት።

"ዓመት ሆናቸው።"

"ታዲያ እንዴት አልደከሙም?"

"ዜና እሰማለሁ፣ እዘጋለሁ፣ አወጣቸዋለሁ" አለችኝ። "ከውኃ እንስራው ሥር፣ ቀዝቀዝ ባለው አስቀምጣቸዋለሁ። ሬዲዮ ዝም ሲል ድንጋዩ እዚያ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?"

ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ሥራ ስጨርስ ድንጋዩን ከመሣሪያው ያወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዕቃ ቤታችንም መሣሪያውን ከነድንጋዩ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚያስቀምጠው። ይህን ለሞሚና አልነገርኳትም፣ አፈርኩ። ሠላሳ ሞላ። የወሰድኩትን በአዲስ እንደምተካ በሰዉ ፊት ቃል ገባሁ፤ አዲስ አበባ ስመለስ ግማሽ ወር ዕቃ ቤቱን አስጨንቄ በእትዬ አስካለ እጅ ልኬላቸዋለሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መስጊዱ አጠገብ ለካን። የተለያየ ድንጋይ አንድ ላይ ሲሠራ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ ሣጥኑን ዘግቼ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ አሳርፈው ነበር። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ ሦስት ሰዓት ፈጀ። መሬቱ ደረቅ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጀመርን። እዚያም ደረቅ። ዩሱፍ ፊቴን እያየ መቀለዱን አቆመ። ሰዉ ሽቦውን ተሸክሞ ይከተለኛል። ካስማውን በመዶሻ ስመታ መዳፌ ተልጦ ነበር፤ ጨርቅ ጠቅልዬ ሦስተኛውን መስመር ወደ ማሽላው እርሻ ዘረጋሁ።

እርሻው መሃል ስንደርስ መርፌዋ መውረድ ጀመረች። ካስማውን አራቅኩ፣ ወረደች። አሳረፍኩና ደገምኩ፣ ያው ነው። ሳትዋዥቅ፣ ቀጥ ብላ ወረደች። ድንጋዮቹ እንዳልዋሹኝ ለማረጋገጥ አንድ በአንድ አውጥቼ በአምፑሉ ፈተንኳቸው፤ ሠላሳውም በሩ። ለመቆፈሪያው ምልክት ችካል መታሁ።

ሞሚና ከሰዉ መሃል ወጣች። "እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

"ይሄ የእኔ ማሽላ ነው።"

ማሽላው ሰው ቁመት ደርሷል፣ ገና አላፈራም። የመቆፈሪያው መኪና ሲገባና ሲዞር ግማሹን እርሻ እንደሚጨፈልቀው ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበር አህመድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "መሬቱ የመንግሥት ነው" አለ።

"መሬቱ የመንግሥት ይሁን" አለችው፤ "ማሽላው የእኔ ነው። ስዘራ መንግሥት አላገዘኝም።"

ወደ እኔ ዞረች። "ትንሽ ወደዚያ ብታደርገውስ? ወደ ድንበሩ?"

እሺ ብላት በወደድኩ ነበር። ስድስት ድንጋይዋን የሰጠችኝ ሴት ናት። "አልዋሽሽም፣ ወደዚያ ባደርገው ደረቅ ሊሆን ይችላል" አልኳት። "ለክቼ የማውቀው ይህን ነው።" ቆጣ ብላ በኦሮምኛ ብዙ ተናገረች፣ ዩሱፍ አልተረጎመልኝም። ትታን ሄደች። የወረደችዋን መርፌ እያሰብኩ ለአቶ ገብሬ ነጥቡን ላስታውቅ ከተማ ስገባ አንድ ነገር ከራሴ አልወጣ አለኝ፤ ነገ ሴትየዋ መኪናው ፊት ብትቆም ማን ይፈርድባታል?

ዓርብ ጠዋት የመቆፈሪያው መኪና ከኋላችን እያጓራ ቢዮ አዋሌ ደረስን። ሞሚና እርሻው ውስጥ ናት። ማጭድ ይዛ ከመንገዱ እስከ ችካሉ ድረስ በቀጥታ እያጨደች፣ ልጇና ጎረቤቶቿ እሸት ያልያዘውን አገዳ ለከብት እየከመሩ ነው። አቶ ገብሬ ከመኪናው ራሱን አውጥቶ "ለመዞሪያ በግራም በኩል ያስፈልገኛል" ሲል ቀና ብላ አየችው።

"በመጣህበት ወደኋላ ትወጣለህ" አለችው። "ከዚህ የበለጠ አንዲት አገዳ አልሰጥህም።"

ገብሬም ያን ግዙፍ መኪና ወደኋላ ሊያወጣው ተስማማ።

የመመለሻ ባቡሬን አሳለፍኩት። የእኔ ሥራ አልቋል፤ ግን ችካሉን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ትቼው መሄድ አልቻልኩም። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ አቧራ ብቻ ወጣ። እትዬ አስካለ በየጠዋቱ ሩዝ በሳህን ቋጥረው ለእኔም ለቆፋሪዎቹም ይልኩልን ነበር። ገብሬ በየማታው "እርግጠኛ ነህ?" ይለኛል፣ እኔም "ቆፍር" እለዋለሁ። ማክሰኞ የወጣው አፈር ቀለሙን ለወጠ። ረቡዕ ከቀትር በፊት የጭቃ ማውጫው ቱቦ ሲገለበጥ ድምፁ የተለየ ነበር፤ ቀጭን ጭቃ፣ ከዚያም ደፍረስ ያለ ውኃ መሬቱ ላይ ተዘረገፈ።

ሰዉ ጮኸ። ሞሚና ግን እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው፤ ጨው ያለበት ውኃ ወጥቶ የቀረባቸው መንደሮች ታውቃለች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ቀዳች፣ ቀመሰች፣ ተፋችው። ሁለተኛ ቀዳች። ይህኛውን ዋጠችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለቻት። ልጅቷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

"ምን አለቻት?" አልኩት ዩሱፍን።

ዩሱፍ ዓይኑን ጠረገ። "ነገ ጠዋት ተኚ፣ አለቻት።"